የእንግሊዝኛን የእንቅስቃሴ ግሶች ከአቅጣጫ ጠቋሚ ቃላት ጋር ማጣመር፦ ከአማርኛው ማሰሪያ አንቀጽ የሚነሣ አሠራር

«ሕፃኑ እየዳኸ ከክፍሉ ወጣ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ «ዘ ቤቢ ኤግዚትድ ዘ ሩም ክሮሊንግ» የሚል ነገር ያቀርባል። ሰዋስዉ አልተበላሸም፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው እንዲህ አይናገርም። እርሱ የሚለው «ዘ ቤቢ ክሮልድ አውት ኦቭ ዘ ሩም» ነው። በአማርኛው ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው «ወጣ» በእንግሊዝኛው ግስ ሆኖ አልመጣም፤ «አውት» በምትባል ትንሽ ቃል ውስጥ ገብቷል። «እየዳኸ» ደግሞ ከአጃቢነት ተነሥቶ የዋናውን ግስ ቦታ ይዟል።

ይህ ልዩነት በሥነ ልሳን ጥናት የታወቀ ነው። ሊዮናርድ ታልሚ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ቋንቋዎችን የእንቅስቃሴን መንገድ በሚያስቀምጡበት ቦታ ለያቸው። እንደ ስፓኒሽና እንደ ሴማዊ ቋንቋዎች ያሉት «ገባ»፣ «ወጣ»፣ «ወረደ» የሚለውን ሐሳብ በግሱ ውስጥ ሲይዙ፣ እንደ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ያሉት ግን ግሱን ለአኳኋኑ ትተው መንገዱን በግሱ ዙሪያ በሚቀመጡ ትንንሽ ቃላት ያሳያሉ። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የሚያርፈው በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ ተማሪው የአማርኛውን ማሰሪያ አንቀጽና አጃቢ ግስ ቦታ ማለዋወጥ ከቻለ፣ ሌላው ሥራ በአብዛኛው ትክክለኛዋን ትንሽ ቃል መምረጥ ይሆናል።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ፦ የእንግሊዝኛ ቃላቱ እዚህ በፊደላችን ስለ ተጻፉ በድምፅ የሚቀራረቡትን መለየት ያስፈልጋል። «ኦቭ» ስል ባለቤትነትን የምታሳየውንና ከ«አውት» ጋር የምትጣመረውን፣ «ኦፍ» ስል ደግሞ ከአንድ ነገር ላይ መለየትን የምታመለክተውን ባለ ሁለት «ኤፍ» ቃል ማለቴ ነው። ምሳሌዎቹን በደብተርዎ በእንግሊዝኛው ፊደል ይገልብጧቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ይፍቱት

ማንኛውንም የእንቅስቃሴ ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ ሁለት ነገሮችን ይለዩ፦ መንገዱን የያዘውን ግስና አኳኋኑን የያዘውን ግስ። በአማርኛ መንገዱ ብዙ ጊዜ በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ይገኛል፤ አኳኋኑ ደግሞ በቦዝ አንቀጽ ወይም «እየ» ባለው ግስ ይገለጻል። «ልጁ ሮጦ ገባ» ባልን ጊዜ መንገዱ «ገባ»፣ አኳኋኑ «ሮጦ» ነው። «ሰውየው እያነከሰ ደረጃውን ወረደ» በሚለው ውስጥ መንገዱ «ወረደ»፣ አኳኋኑ «እያነከሰ» ነው። «ወንዙን ዋኝታ ተሻገረች» ሲባልም እንዲሁ ነው።

አሁን ቦታቸውን ያለዋውጡ። ቦዙን ወይም «እየ» ያለውን አንሥተው በባለቤቱና በጊዜው የሚረባ ዋና ግስ ያድርጉት፤ ማሰሪያ የነበረውን ደግሞ ወደ አቅጣጫ ጠቋሚ ቃል ይለውጡት። «ሮጦ ገባ» «ራን ኢን» ይሆናል። «እያነከሰ ደረጃውን ወረደ» «ሊምፕት ዳውን ዘ ስቴርስ» ይሆናል። «ወንዙን ዋኝታ ተሻገረች» «ሺ ስዋም አክሮስ ዘ ሪቨር» ይሆናል። በመጨረሻው ምሳሌ «ስዋም» የሚለው ብቻውን መሻገርን አይናገርም፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ዋኝቶ ከነበረበት ዳርቻ ሊመለስ ይችላል። ማዶ መድረሷን የሚነግረን «አክሮስ» ነው። ስለዚህ ትንሿን ቃል የጣለ ተማሪ የጣለው ጌጥ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩን ዋና ፍሬ ነገር ነው።

አኳኋን ባይጠቀስስ? አማርኛ «ወጣ» ብሎ ማቆም ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ለአቅጣጫ ጠቋሚው መንጠልጠያ የሚሆን ግስ ይፈልጋልና «ጎ»፣ «ካም» ወይም «ጌት» የሚሉትን ያቀርባል። እዚህ ላይ አማርኛ የማይጠይቀን አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ተናጋሪው የት ነው ያለው? ተናጋሪው ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ ሌላው ሰው ከወጣ «ሂ ዌንት አውት» ይላል፤ እርሱ ውጭ ቆሞ ሰውየው ወደ እርሱ አቅጣጫ ከወጣ ግን «ሂ ኬም አውት» ይላል። በአማርኛ «ወጣ» ሁለቱንም ያገለግላል፤ መለየት ካስፈለገ «ወጥቶ ሄደ»፣ «ወጥቶ መጣ» እንላለን። «ጌት» የሚመረጠው ድርጊቱ ጥረትን ወይም መሰናክልን ሲያስታውስ ነው፤ በሩ ተቆልፎበት በመስኮት የወጣ ሰው «ሂ ጎት አውት ስሩ ዘ ዊንዶው» ሊባልለት ይገባል። «ና!» ተብሎ የተጠራ ሰው «መጣሁ» እንደሚለው ሁሉ እንግሊዝኛውም «አይም ካሚንግ» ይላልና በዚህ ነጥብ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ማሰሪያው የትኛዋን ቃል እንደሚሰጥ ይወስኑ

አብዛኞቹ የመንገድ ግሶች ግልጽ አቻ አላቸው። «ተመለሰ» «ባክ»፣ «ዞረ» «አራውንድ»፣ «ተሻገረ» «አክሮስ» ወይም «ኦቨር»፣ ተለይቶ «ሄደ» «አዌይ» ወይም «ኦፍ»፣ ሰውን «ተጠጋ» «አፕ ቱ» ይሰጣሉ። የሚያስቸግሩት ሁለት ፊት ያላቸው ግሶች ናቸው፤ ከሁሉም የሚብሰው «ወጣ» ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድም «ወጣ» ነው፤ ከታች ወደ ላይ መሄድም «ወጣ» ነው። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «አውት»፣ ሁለተኛውን «አፕ» ይለዋል። ለመለየት ከግሱ ጋር የመጣውን ስም ይመልከቱ። ስሙ «ከ» ይዞ መጥቶ የሚዘጋ ወይም የሚከብ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ «ከክፍሉ»፣ «ከሳጥኑ» ሲል፣ መልሱ «አውት ኦቭ» ነው። ስሙ ተሳቢ ሆኖ ወይም «ላይ»ን አስከትሎ ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ዳገቱን ወጣ»፣ «ዛፉ ላይ ወጣ» ሲል፣ መልሱ «አፕ» ነው። «ከጉድጓድ ወጣ» በሚለው ግን ሁለቱም ፊቶች በአንድ ጊዜ አሉ፤ ሰውየው ከፍ ብሏል፣ ከተከበበበትም ተለይቷል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ደራርቦ «ሂ ክላይምድ አፕ አውት ኦቭ ዘ ሆል» ማለት ይችላል፤ ይህን ስመለከት ትንንሾቹ ቃላት ለጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚመቹ ይገርመኛል።

«ወረደ»ም ሁለት ፊት አለው፦ ተዳፋቱን ወይም ደረጃውን ሲሆን «ዳውን»፣ ከተሳፈሩበት ነገር ላይ ሲሆን «ኦፍ»። በዚህ አጋጣሚ ስለ ተሽከርካሪ፦ ቆመው ሊንቀሳቀሱበት ከሚችሉበት ወይም ከላይ ከሚቀመጡበት ነገር፣ ማለትም ከአውቶቡስ፣ ከባቡር፣ ከአውሮፕላን፣ ከብስክሌትና ከፈረስ ጋር «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ይባላል። ጎንበስ ብለው ገብተው ከሚቀመጡበት ከመኪናና ከታክሲ ጋር ግን «ጌት ኢንቱ» ወይም «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ» ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ቦታው መጠቀሱንና አለመጠቀሱን ያረጋግጡ

ትንሿ ቃል ስም ሳታስከትል ከቆመች ተውሳከ ግስ ናት፤ ስም ካስከተለች እንደ መስተዋድድ ትሠራለች። አንዳንዶቹ ቃላት ሁለቱንም ሥራ በአንድ መልክ ይሠራሉ፦ «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «አክሮስ»፣ «ስሩ»፣ «ኦቨር»፣ «ፓስት»፣ «አሎንግ»፣ «አራውንድ» እና «ኦፍ»። «ሂ ራን ዳውን» እና «ሂ ራን ዳውን ዘ ሂል» ሁለቱም ልክ ናቸው። ሌሎቹ ግን ስም ሲመጣ ረዳት ይፈልጋሉ፦ «ኢን» «ኢንቱ» ይሆናል፣ «ኦን» «ኦንቱ» ይሆናል፣ «አውት» «አውት ኦቭ» ይሆናል፣ «አዌይ» «አዌይ ፍሮም» ይሆናል፣ «ባክ» ደግሞ «ባክ ቱ» ወይም እንደ ነገሩ ሌላ መስተዋድድ ያስከትላል። ተገላቢጦሹም ስሕተት ነው፤ «ኢንቱ»፣ «ኦንቱ»፣ «ቱ» እና «ፍሮም» ያለ ስም ሊቆሙ አይችሉምና «ሺ ዎክድ ኢንቱ» ብሎ ነጥብ ማኖር አይቻልም።

«ኢን» እና «ኢንቱ»ን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሺ ራን ኢን ዘ ሩም» ሲባል ሰሚው በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትሮጥ እንደ ነበር ሊረዳ ይችላል፤ «ሺ ራን ኢንቱ ዘ ሩም» ግን ከውጭ ወደ ውስጥ መግባቷን ያለ ጥርጥር ይናገራል። እንደ «ፑት»፣ «ጃምፕ» እና «ፎል» ካሉ ግሶች ጋር «ኢን» ብቻውን የመግባትን ትርጉም ሊሸከም ይችላል፤ የመራመድና የመሮጥ ግሶች ሲሆኑ ግን «ኢንቱ»ን መምረጥ ይሻላል።

«ወደ» ሌላ ወጥመድ ነው። «ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠ» ሲባል መድረሱን አናውቅም፤ አማርኛው ክፍት ይተወዋል። እንግሊዝኛ ግን ከደረሰ «ቱ»፣ አቅጣጫውን ብቻ ይዞ ከነበረ «ቱዋርድ» ይላል። ስለዚህ «ወደ»ን ባዩ ቁጥር «ደርሷል ወይ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። «በ10 ደቂቃ ውስጥ» የሚለውን መጨመር ከተቻለ እንቅስቃሴው ፍጻሜ አለውና «ቱ» ይገባዋል፤ «ለ10 ደቂቃ» የሚለው ብቻ ከተስማማ «ቱዋርድ» ይሆናል።

«ወደ» በእንግሊዝኛ ጨርሶ የማይተረጎምባቸው ቦታዎችም አሉ። «ሆም»፣ «ሂር»፣ «ዜር»፣ «አፕስቴርስ»፣ «ዳውንስቴርስ» እና «አብሮድ» አቅጣጫቸውን በውስጣቸው ስለ ያዙ «ቱ» አይቀድማቸውም። «ወደ ቤት ሄድኩ» «አይ ዌንት ሆም» ብቻ ነው። እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ «ቱ ሆም» ስል ኖሬአለሁ፤ ከስሕተቱ ያላቀቀኝ ሕጉን ማወቄ ሳይሆን «ጎ ሆም»ን እንደ አንድ ቃል አድርጌ መያዜ ነው።

የመንገድ ግሶችን ራሳቸውን መቼ እንጠቀም?

እንግሊዝኛ እንደ አማርኛ መንገዱን በግሱ ውስጥ የያዙ ቃላት የሉትም ማለት አይደለም። «ኤንተር»፣ «ኤግዚት»፣ «አሴንድ»፣ «ዲሴንድ»፣ «አፕሮች» እና «ሪተርን» እንዲህ ያሉ ናቸው፤ አመጣጣቸውም ከላቲን ነው፣ አብዛኞቹ የገቡትም ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጥንቱ እንግሊዝኛ መውጣትን «ኡትጋን» ይል ነበር፤ «ኡት» የዛሬው «አውት»፣ «ጋን» የዛሬው «ጎ» ነው። በኋላ ትንሿ ቃል ወደ ግሱ ጀርባ ዞረች፤ ዛሬም «ኢንካም» እና «አውትካም» በመሳሰሉ ስሞች ከፊት ተቀምጣ ትታያለች።

እነዚህ የመንገድ ግሶች ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚጥሙት እንደ ራሱ ማሰሪያ አንቀጾች ስለሚሠሩ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። በመጀመሪያ፣ በተራ ንግግር ውስጥ የመዝገብ ቤት ደብዳቤ ያስመስላሉ። ሁለተኛ፣ መንገዱን ስለ ያዙ ተጨማሪ መስተዋድድ አይፈልጉም፤ «ወደ ክፍሉ ገባ» «ሂ ኤንተርድ ዘ ሩም» ነው እንጂ «ኤንተርድ ቱ» አይደለም። «አፕሮች»ም፣ ከሌላ ወገን የመጣው «ሪች»ም እንዲሁ ናቸው። «ሪተርን» መድረሻውን በ«ቱ» ይቀበላል፤ «ባክ»ን ግን መጨመር ድግግሞሽ ነው። «አራይቭ» ለብቻው ነው፦ ለአንድ ነጥብ ወይም ሕንጻ «አት»፣ ለከተማና ለአገር «ኢን» ያስከትላል፤ «ቱ»ን አይቀበልም።

አራተኛ ደረጃ፦ የሚያልፉበትን ነገር ቅርጽ ይመልከቱ

አማርኛ «በ» እና «በኩል»ን ይዞ «አለፈ» ወይም «አቋረጠ» የሚለውን እንግሊዝኛ እንደ ቦታው ቅርጽ ይከፋፍለዋል። ቦታው እንደ ገጽ ተዘርግቶ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ከታለፈ «አክሮስ» ነው፦ ሜዳ፣ መንገድ፣ ወንዝ። ቦታው መንገደኛውን ከብቦ ከያዘ «ስሩ» ነው፦ ደን፣ ዋሻ፣ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ፣ በርና መስኮትም ጭምር። ከፍ ያለ መሰናክል ታልፎ ወደ ማዶ ከተኬደ «ኦቨር» ነው፦ አጥር፣ ግንብ፣ ተራራ። በርዝመቱ ከተከተሉት «አሎንግ»፣ በአጠገቡ ሳይነኩት ካለፉ «ፓስት» ይሆናል።

ቅርጹ በነገሩ ስም ሳይሆን ተናጋሪው ነገሩን በሚያይበት ዓይን ይወሰናል። ሣር አጭር ከሆነ «ዎክድ አክሮስ ዘ ግራስ»፣ ወገብ ድረስ ካደገ «ዎክድ ስሩ ዘ ግራስ» ይባላል። ወንዝን ዋኝተው ሲሻገሩት «አክሮስ»፣ ወፍ በላዩ ስትበር «ኦቨር»፣ ግንድ ወራጁን ተከትሎ ሲሄድ «ዳውን»፣ መንገደኛ በዳርቻው ሲጓዝ «አሎንግ» ነው። ድልድይ «አክሮስ»ንም «ኦቨር»ንም ያስተናግዳል። ይህን ሁሉ በዝርዝር ከማጥናት ይልቅ በወረቀት ላይ ቦታውን ስሎ መንገዱን በቀስት ማሳየትና ከቀስቱ ላይ ቃሉን መጻፍ የበለጠ ያስጨብጣል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሲደራረቡ ቅደም ተከተላቸውን ይጠብቁ

«ተመልሳ እየሮጠች ወደ ወንዙ ወረደች» በአማርኛ ሦስት ግስ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ በአንድ ግስ ያልፋል፦ «ሺ ራን ባክ ዳውን ቱ ዘ ሪቨር»። ቅደም ተከተሉ የዘፈቀደ አይደለም። «ባክ» ይቀድማል፤ «አፕ» ወይም «ዳውን» ይከተላል፤ መስተዋድዱ ከነስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ዳውን ባክ» አይባልም።

ጉዞው ብዙ ቦታ የሚነካ ከሆነ ደግሞ አንድ ግስ ጠቋሚዎቹን በጉዞው ቅደም ተከተል ይደረድራል፦ «ዘ ዶግ ራን አውት ኦቭ ዘ ሃውስ፣ አክሮስ ዘ ፊልድ ኤንድ ኢንቱ ዘ ፎረስት»። በአማርኛ «ውሻው ከቤት ሮጦ ወጣና ሜዳውን አቋርጦ ጫካ ገባ» ከማለት ሌላ የሚጥም መንገድ የለንም። ከአማርኛ የተነሣ ተማሪ ሦስት የእንግሊዝኛ ግሶች ሊደረድር ይከጅላል፤ አንዱን ጠብቆ ሌሎቹን ወደ ትንንሽ ቃላት መለወጥ እንደሚቻል ማወቁ ጽሑፉን ያቀልለታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ተሳቢ ሲኖር

«አስገባ»፣ «አወጣ»፣ «አወረደ»፣ «አሻገረ»፦ አማርኛ «አ» ወይም «አስ» በሚለው ቅጥያ ማስደረግን ይገልጻል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቅጥያ ስለሌለው ያንኑ የመለዋወጥ ሥራ ይሠራል። «ገፍቶ አስገባው» «ሂ ፑሽድ ኢት ኢን»፣ «ተሸክማ አወረደችው» «ሺ ካሪድ ኢት ዳውን» ይሆናል። አኳኋኑ ካልተጠቀሰ «ቴክ»፣ «ብሪንግ» እና «ፑት» ያገለግላሉ፤ የ«ቴክ» እና የ«ብሪንግ» ልዩነት የ«ጎ» እና የ«ካም» ልዩነት ነው።

የተሳቢው ቦታ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትንሿ ቃል ተውሳከ ግስ ስትሆን ስሙ ከፊቷም ከኋላዋም ሊመጣ ይችላል፦ «ቴክ ዘ ቦክስ አውት» ወይም «ቴክ አውት ዘ ቦክስ»። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መካከል መግባት ግዴታ ነው፤ «ቴክ ኢት አውት» እንጂ «ቴክ አውት ኢት» አይባልም። ተሳቢው ረጅም ሐረግ ከሆነ በተቃራኒው መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ይቀላል።

ቃሏ መስተዋድድ ከሆነች ይህ ሁሉ አይሠራም። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ጥንድ ምሳሌ አለ፦ «ሂ ራን አፕ ዘ ሂል» ማለት ኮረብታውን ሮጦ ወጣ ማለት ሲሆን «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል» ማለት ደግሞ ዕዳ አከማቸ ማለት ነው። በተውላጠ ስም ይተኳቸው፤ ኮረብታው «ሂ ራን አፕ ኢት»፣ ዕዳው «ሂ ራን ኢት አፕ» ይሆናል። ወደ ፊት ያውጧቸው፤ «አፕ ዘ ሂል ሂ ራን» ያምራል፣ «አፕ ኤ ቢል ሂ ራን» ግን አይባልም። በመካከላቸው «ክዊክሊ» የሚለውን ይጨምሩ፤ «ራን ክዊክሊ አፕ ዘ ሂል» ይሄዳል፣ ከዕዳው ጋር ግን ይሰናከላል። ከሦስቱ ፈተናዎች አስተማማኙና ቶሎ የሚታወሰው የተውላጠ ስሙ ነው።

ከእንቅስቃሴ ወደ ሌላ ትርጉም

ከዚህ ቀጥሎ ተማሪዎችን የሚያስፈራው ረጅም የጥምር ግሶች ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩን ከመሸምደድ በፊት መንገዱን መፈለግ ይበጃል። «ጎ ስሩ» ችግርን እንደ ዋሻ ማለፍ ነው፤ «ጌት ኦቨር» ሕመምን ወይም ሐዘንን እንደ መሰናክል ተሻግሮ መዳን ነው፤ «ረን አውት ኦቭ» የያዙትን መጨረስ ነው፣ ዕቃው ባዶ እስኪሆን ድረስ። ይህ መንገድ ሁልጊዜ አይሠራም፤ «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ የሆነበትን ምክንያት ከሦስቱ ቃላት አንዱም አይነግረንምና እንዲህ ያለውን እንደ አዲስ ቃል መያዝ ይሻላል።

የሙሉ አሠራር ምሳሌ

በመጨረሻ አንድ አንቀጽ እንውሰድ፦ «ድመቷ ከአልጋው ሥር አድብታ ወጣች፣ ዘላ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፣ በመስኮቱ ዘላ ወጣች፣ አጥሩን ተንጠላጥላ ተሻገረችና ሮጣ ሣሩ ውስጥ ገባች።» «ወጣች» ሦስት ጊዜ ተደግሟል፤ ሦስቱም በእንግሊዝኛ ልዩ ልዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከሥር መውጣት ስለሆነ «ክሬፕት አውት ፍሮም አንደር ዘ ቤድ» ይሆናል፤ «ኦቭ» እዚህ ላይ ለ«ፍሮም» ቦታ ለቅቋል፣ ምክንያቱም የምትለየው ከአልጋው ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ሁለተኛው ወደ ላይ መውጣትና በገጽ ላይ ማረፍ ስለሆነ «ጃምፕት አፕ ኦንቱ ዘ ቴብል» ነው። ሦስተኛው በከበበ ክፍተት ማለፍ ስለሆነ «ሌፕት ስሩ ዘ ዊንዶው» ነው። አጥሩ መሰናክል ነውና «ክላይምድ ኦቨር ዘ ፌንስ»፣ መጨረሻው ከአካባቢው መራቅንና መግባትን አንድ ላይ ስለያዘ «ራን ኦፍ ኢንቱ ዘ ግራስ» ይሆናል። ባለቤቷን «ዘ ካት» አንድ ጊዜ ብቻ ከፊት አስቀምጠው አምስቱን በነጠላ ሰረዝና በመጨረሻው ፊት በ«ኤንድ» ያገናኟቸው። ከዚያ የአማርኛውን ሸፍነው እንግሊዝኛውን ብቻ እያዩ ወደ አማርኛ ይመልሱት፤ «ኦፍ» እና «ኢንቱ» በእጅዎ ላይ ተመልሰው «ሄደች» እና «ገባች» መሆናቸውን ያስተውሉ።